የማይቀድም ሞተር

ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሄደ ሰው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነው። ስንት ይሮጣል? ዳገት ያወጣል? ሁለት ሰው ቢጭን አይንቀራፈፍም? ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ መልሱን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እኔ ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ "ይቆማል?" ስል ግን ሁለቱ ሻጮች ተያዩ።

"ምኑ?" አለ አንደኛው።

"ሞተሩ። ሲሄድ ቆይቶ ቁም ሲሉት ይቆማል?"

አልፈርድባቸውም። ሊሄድበት የሚገዛውን ነገር ስለ መቆሙ የሚጠይቅ ደንበኛ ብርቅ ነው። ግን እናንተዬ፣ የፈራ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ?

እኛ አገር ፈሪ መባል ከባድ ስድብ ነው። ስለዚህ እንፈራለን፤ ስሙን ግን እንለውጥለታለን። መኪና ላይ ስንሳፈር እናማትብና ጸሎት ነው እንላለን። ልጃችን ስልክ ካላነሳ ለጓደኞቹ ሁሉ እንደውልና "ለሰላምታ ነው" እንላለን። እኔ ስሙን መለወጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ። እፈራለሁ። ባለቤቴ አስረበብ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ፍርሃቴ ነቅቶ ይጠብቀኛል።

አስረበብ የሞተችው የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሌላ መኪና ሊቀድም ስለፈለገ ነው። ከእንፍራንዝ ወዲህ ነው። መንገዱ ሜዳ ነበር። ውስጡ የሚቸኩል ተሳፋሪ አልነበረም አሉ፤ ሹፌሩ ከፊቱ መኪና ማየት ስለማይወድ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የምነግራችሁ የለኝም።

ከሐዘኑ በኋላ እናቷ እማማ ወርቄ ልጃችንን እናኑን ይዘው ወደ አገራቸው ወደ አዲ አርቃይ ወረዱ። "አንተ እስክትጽናና" አሉኝ። እኔ ሳልጽናና ወራት አለፉ፤ እናኑ ለትምህርት ደረሰች። ጎንደር አስመዘገብኳትና ልወስዳት እንደምመጣ ደውዬ ነገርኳቸው።

"በምን ልትወስዳት?" አሉ እማማ ወርቄ።

"በሚኒባስ ነዋ።"

"ልጄን የበላ የልጄን ልጅ አይበላም። በሚኒባስ ከሆነ አልሰጥህም፤ እዚሁ ትማር፤ እዚህም ፊደል አለ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

እኔም ብሆን መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ዞሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ልጅቱ ደግሞ እዚያው ትምህርት ከጀመረች እዚያው መቅረቷ ነው። በዓል ሲመጣ ብቻ የሚያያት፣ ብስኩት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ልሆን ነው። ይህንን ከሚኒባሱም አብልጬ ፈራሁት።

ሞተር ለመግዛት የወሰንኩት እንዲህ ነው። "ሚኒባስ የፈራ ሰው ሞተር ይገዛል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ይህንኑ ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። ሚኒባስ ላይ በሰው ችኮላ ነው የምሞተው። ሞተር ላይ መሪው በእጄ ነው። ፍርሃት ደግሞ ሒሳብ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው ሞተር ረጅም ነበር፤ ስቀመጥበት እግሬ መሬት አልነካ አለ። ወረድኩ። ሁለተኛው ሸጋ ነበር፤ ሻጩ "ይኼማ ይበራል!" አለኝ፤ በዚያው ተሰናበትኩት። ከጥግ ላይ ዝቅ ያለ፣ ጎማው ወፈር ያለ፣ የገጠር ሰው እህል የሚጭንበት ዓይነት አገኘሁ። "እሱ እንኳ ዘገምተኛ ነው" አለ ሻጩ እያፈረ። ገዛሁት።

ከዚያ አዘዞ መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ጌታሰው ጋራዥ ወሰድኩት። የምፈልገውን እየነገርኩት እሱ ይበይዳል። ስወድቅ እግሬን የሚያድን ብረት ከፊትም ከኋላም። የፍሬን ሸራው በአዲስ። ጥርስ ያለው ጎማ። ከሁለቱ ስፖኪዮ በላይ ሌላ ሁለት። የጭነት መኪና ክላክስ። በስተኋላ ለልብስና ለመፍቻ የሚሆን ረጅም የብረት ሳጥን፣ በጎን የነዳጅ ጀሪካን። ጌታሰው ላቡን ጠርጎ አየኝ።

"ወንድሜ፣ ጦር ሜዳ ልትዘምት ነው?"

"አዲ አርቃይ ነው የምሄደው።"

"እዚያማ ሰው በእግሩም ይደርሳል።"

የመጨረሻው ሥራ የእናኑ ወንበር ነበር፤ መደገፊያና ቀበቶ ያለው። "ቁመቷ ምን ያህል ነው?" አለኝ። እጄን ዘርግቼ ላሳየው ሞከርኩ። ወገቤ ጋ አደረግሁት፤ ዝቅ አደረግሁት፤ መልሼ ከፍ አደረግሁት። ልጅ በወራት ውስጥ ምን ያህል ያድጋል? እጄ አየር ላይ ቀረ። ጌታሰው መዶሻውን አስቀመጠና፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ፣ "ቀበቶው የሚረዝም የሚያጥር ይሁን ብለህ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ይህ ሁሉ ብረት ግን አላረካኝም። ሌላው ይገጨኛል ብሎ መፍራት አንድ ነገር ነው፤ የእኔን እጅ ማን ያስረዋል? ከፊቴ የሚያዘግም መኪና ቢያጋጥመኝና አንድ ቀን እንደዚያ ሹፌር ቢሰለቸኝስ? ስለዚህ ሞተሩን ጠበል እንዲረጩልኝ የነፍስ አባቴን መምሬ ጥበቡን ስጠራ፣ እኔንም እንዲገዝቱኝ ለመንኳቸው። መምሬ የገዘቱት ሰው ብዙ ነው፤ ከመጠጥ የተገዘተ አለ፣ ከወንድሙ እንዳይጣላ የተገዘተ አለ። የእኔ ዓይነት አልገጠማቸውም። ሞተሩን ዞረው አዩት፤ ብረቱን አንኳኩት፤ መስቀላቸውን አነሡ።

"ከፊትህ የሚሄድን ማንኛውንም ነገር እንዳትቀድም ገዝቼሃለሁ።"

መስቀሉን ተሳልሜ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሕግ ፖሊስ እስካለ ነው፤ ግዝት ግን ብቻህን ስትሆንም አብሮህ ይሄዳል። "ማንኛውንም" የምትለውን ቃል ልብ ያልኳት ዳባት አካባቢ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። ጤፍ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ከኋላቸው ሆኜ ማርሽ ቀነስኩ፤ ጨርሶ ቀነስኩ፤ በመጨረሻ እግሬን እያስነካሁ መራመድ ጀመርኩ። ባለ አህዮቹ ዞር እያሉ ያዩኛል። ቢቸግረኝ ለመምሬ ደወልኩ።

"አባ፣ አህያስ?"

"ትሄዳለች አትሄድም?" አሉኝ።

"ትሄዳለች።"

"እንግዲህ!" ብለው ዘጉት።

አህዮቹ ወደ ገበያው እስኪታጠፉ ድረስ የተሰማኝን አልነግራችሁም።

ደባርቅን አልፌ ሊማሊሞ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስደርስ ከፊቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። የጳጉሜን ጭጋግ ገደሉን ሞልቶታል። ሊማሊሞን የማታውቁ ካላችሁ፣ መንገዱ ተራራው ላይ እንደ ተጣለ መቀነት ተጥመልምሎ ይወርዳል፤ በአንድ ጎን ድንጋይ፣ በሌላው ጎን ምንም። ጭጋጉ ሲገለጥ ከታች ያለውን መንገድ ታዩታላችሁ፤ እዚያ ላይ ያለው መኪና የክብሪት ቀፎ ያክላል። ያንን ሁሉ ብረት ያስበየድኩት ለደኅንነቴ ነበር። አሁን ክብደቱ ከኋላ ይገፋኝ ጀመር። የፍሬኑ ሸራ ሸተተኝ። መሪውን በኃይል ጨበጥኩ።

ያኔ ዓይኔን የጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ተከልኩ። ሹፌሩ ኩርባ ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ ክላክስ ያሰማል፤ ጥጉን ይይዛል። መንገድ ላይ ዝንጀሮ ሲያይ እንኳ ቆሞ ያሳልፋል። እሱ ሲታጠፍ እታጠፋለሁ፤ እሱ ሲይዝ እይዛለሁ። አንድ ቦታ ላይ እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፍ አለኝ። አላለፍኩም። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ይዞ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆሞ ሳለ ባልፈው ግዝቱን አላፈርስም ነበር። አልፈለግሁም። በእኔና በገደሉ መሐል ያለው ግድግዳ እሱ ብቻ ነው። ፍሬኑን እያበረደ መሰለኝና እኔም ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሲነሣ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ በስፖኪዮው ያየኝ ጀመር። "ደግ ሰው ነው፣ ያስብልኛል" አልኩ።

ቁልቁለቱ አልቆ ዛሪማ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ ሰዎች ወደተቀመጡበት ሮጠ። ወዲያው ከበቡኝ፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል።

"እጅህን አንሣ! ውረድ!"

አነሣሁ። እዚህ ጋ ነው ራሴን በሌላ ሰው ዓይን ያየሁት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሻለሁ፤ ሐዘን ነው። ጺሜ ደረቴ ላይ ደርሷል፤ ሐዘን ነው። ለጭጋጉ ብዬ ፊቴን በሻርፕ ጠምጥሜአለሁ። ሞተሬ በብረት ታጥሯል፤ ከኋላዬ ጠመንጃ የሚይዝ ሳጥን አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ እለፍ ሲሉት የማያልፍ፣ ሲቆሙ የሚቆም! እኔ እንኳ ብሆን እኔን እፈራ ነበር።

"ሳጥኑን ክፈት!"

ከፈትኩ። ባለ ጠመንጃው እጁን ሰዶ አደይ አበባ የተሣለባት ትንሽ ሄልሜት አወጣ። ቀጥሎ የልጅ ሹራብ።

"ይኼ የማን ነው?"

"የልጄ። አዲ አርቃይ አያቷ ጋ ናት። ልወስዳት ነው።"

"እናቷስ?"

ልብሴን አሳየሁት። ሄልሜቷን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ።

ሹፌሩ ግን ገና አልበረደላቸውም። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ አያ ሙላት ይሏቸዋል። "ታዲያ ምነው አልቀደምኸኝ? ነፍሴን ልታወጣት ነበር እኮ! ልጆቼን በሆዴ ተሰናብቻለሁ!"

"ተገዝቼ ነው፣ አያ።"

"ከምን?"

"ከመቅደም።"

አንድም የሳቀ አልነበረም፤ እዚያ የቆመው ሁሉ የነፍስ አባት አለው። ባለ ጠመንጃው ብቻ በዝግታ "አህያም ቢሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። አህያም ቢሆን አልኩት። ያኔ አያ ሙላት ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

አዲ አርቃይ ስደርስ እናኑ በር ላይ ነበረች። አየችኝና ሮጣ ከእማማ ወርቄ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። "አባትሽ እኮ ነው" አሏት። አልወጣችም። የጠመንጃው አፈሙዝ እንደዚህ አላስደነገጠኝም።

በማግስቱ እማማ ወርቄ ምላጭ ይዘው መጡ። "ይብቃህ። ልጅህን አስፈራሃት" አሉና ጺሜን በገዛ እጃቸው ላጩኝ። እናኑ ቀረብ ብላ ስታየኝ ቆየች፤ ከዚያ የተላጨውን አገጬን በጣቷ ነካች።

ሞተሩን ግን እማማ ወርቄ ዞረው አዩት፤ ቀበቶውን ሳብ አደረጉት። "ሸጋ ነው። ልጄን ግን አትጭንም።"

የመጣሁበት ሁሉ በአንድ ቃል አለቀ። ሚኒባስ እምቢ፣ ሞተር እምቢ። ልጄ እዚያው ልትቀር ነው። ሳላስበው አፌ "በአያ ሙላት መኪናስ?" አለ።

"ያቺ ቀርፋፋዋ ማኪና?" አሉ።

"እሷው። ነገ ወደ ጎንደር ይመለሳሉ። ሊማሊሞን ሙሉ ከኋላቸው ሆኜ አይቻቸዋለሁ።"

አስቡት እስቲ። ልጃችሁን የምታሳፍሩበትን ሹፌር ታውቁታላችሁ? ፊቱን አይታችሁ፣ "ግባ ግባ" ሲል ሰምታችሁ ነው የምትገቡት። እኔ ግን እኚህን ሰው ኩርባ በኩርባ አጥንቻቸዋለሁ። እማማ ወርቄ አሰቡና "እኔም አብሬ ከሄድኩ" አሉ።

እንዲሁ ተመለስን። አያት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ከአያ ሙላት ጎን ተቀመጡ። ያን ሁሉ የተጨነቅሁበት ወንበር ላይ እማማ ወርቄ ለዘመን መለወጫ የሰጡኝ በግ ተሳፈረ፤ ቀበቶው ልኩ ሆነ። እኔ ከኋላ። ዳገቱን ስንወጣ ከቁልቁለቱ ይልቅ ፈራሁ፤ አሁን ከፊቴ ያለው ግድግዳ ልጄን ይዟል። አፋፉ ላይ መንገዱ ሲዘረጋ እናኑ ራሷን በመስኮት ብቅ አድርጋ "አባዬ! ቅደመን! ቅደመን እንጂ!" ብላ ጮኸች። ራሴን ነቀነቅሁ። በጉ በእኔ ፈንታ መለሰላት።

መምሬ ጥበቡ የአህያውን ነገር ሲያስታውሱ እየሳቁ "ግዝቱን ልፍታልህ?" ይሉኛል። ትንሽ ይቆይ እላቸዋለሁ። እናኑ ሞተሩ ላይ አልወጣም ብላለች፤ ወንበሩ በግ በግ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ድንጋይ እየመታች፣ ከሰው ሁሉ ጋር እያወራች። እኔ ሥራ ረፍዶብኛል፤ ሞተሬን እየገፋሁ ከኋላዋ ነኝ። እሷም ከፊቴ የምትሄድ ነገር ናትና።