ቀምሶ መትፋት

ስኳር በሽታ ላለበት ሰው አፉን መጠበቅ ቀላል ይመስላችኋል? እንግዲያው የጎጃም በረንዳውን ማር ነጋዴ፣ ጎረቤቴን ጋሼ ደምሴን አታውቋቸውም። ሐኪም ጣፋጭ ከከለከላቸው ወዲህ ሻይ የሚጠጡት ያለ ስኳር ነው፤ ሁለት ማንኪያ የምንጨምረውን እኛንም "እናንተ ሆዳሞች!" እያሉ ይቆጡናል። ሊገዙ ሲሉ ቀኑን ሙሉ የሚቀምሱትን ማርስ? "እሱ ሥራ ነው እንጂ መብላት ነው እንዴ?" ይላሉ።

የእግራቸው ቁስል አልድን ሲል ግን ሚስታቸው እትዬ በላይነሽ አፋጠጧቸው። ጋሼም "ንጉሥ ይሙት፣ ከእንግዲህ ቀምሼ እተፋለሁ" ብለው ማሉ።

በማግስቱ አንድ ባላገር ዐሥር ማሰሮ ማር ይዞ ሱቃቸው መጣ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ዝቀው ጎረሱ።

"ትፋው!" አሉ እትዬ በላይነሽ ከበሩ ላይ።

በረንዳው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። በእኛ ገበያ ማር ቀምሶ የተፋ ነጋዴ "ስኳር ተቀላቅሎበታል" ብሎ ፈረደ ማለት ነዋ! ባላገሩ ዱላውን ጨበጠ። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ከበቡን። የጋሼ ጉንጭ እንደተነፋ ቀረ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፤ አንዴ ዱላውን፣ አንዴ ሚስታቸውን አዩ።

ዋጡት።

ባላገሩ እፎይ አለና ሁለተኛውን ማሰሮ ከፈተ። "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ እንግዲህ የቀሩት ዘጠኙም እንዳይታሙ ይቅመሱልኝ።"