ከ«ጉድ ሞርኒንግ» በኋላ ያለው

«ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የሞተ መሆን አለበት። ገብቶ ቢሆን ኖሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዝምታ ምን ያህል ቶሎ እንደሚነቅዝ፣ ነቅዞም የፈተና ቀን እንደ ዱቄት እንዴት እንደሚበን በዓይኑ ባየ ነበር። «ገባችሁ?» ሲባል ያልገባው ከገባው የበለጠ አንገቱን ይነቀንቃል። ለምን ይመስላችኋል? የገባውማ ሥራ ላይ ነው፤ ይጽፋል።

እኔ ከነቅናቂዎቹ ግንባር ቀደሟ ነበርሁ። የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ በቱሪስት መሐል ያደግሁ። ፈረንጅን ሰላም ብሎ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቆ፣ መንገድ አሳይቶ መሸኘት ለእኔ ምንም ነው። ዩኒቨርሲቲን በዚሁ እንግሊዝኛ የምገለብጠው መስሎኝ ነበር። ለካ አንድም ፈረንጅ ስለ ሒሳቡ ሊሚት ጠይቆኝ አያውቅም!

የዶርም ጓደኛዬ ዘውድነሽ የሙጃ ገበሬ ልጅ ናት። ሙጃ ገብሱም ሰዉም ብርዱን ችሎ የሚያድግበት ደጋ ነው። አጎቶቿ «ይቺን ልጅ እንዳራት» ሲሉ አባቷ «ትማራለች!» ብለው ተሟግተው ነው የላኳት። ከቤታቸው ዩኒቨርሲቲ የረገጠች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

የሒሳብ መምህራችን ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ወጣት ነበር። ሁላችንም «ቲቸር» እያልን «አንተ» እንለዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶ «ጉድ ሞርኒንግ» አለ፤ ከዚያ ጉዱ መጣ። ሰሌዳውን በቀስትና በፊደል ሞልቶ እንግሊዝኛውን እንደ ክረምት ጎርፍ ለቀቀብን። ሲጨርስ «ክሊር?» አለ። «የስ!» አልን። ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ በአንድ ድምፅ ተቀብለን አናውቅም።

ዘውድነሽ ግን እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልገባኝም» አለች። የትኛው እንዳልገባት ጠየቃት። ትንሽ አሰበችና፣

«ከጉድ ሞርኒንግ በኋላ ያለው» አለች።

ክፍሉ አውካካ። የመምህሩ ፊት ልውጥውጥ አለ። ምስኪን፣ «ያድርጉልኝ» ማለቷ ራሱ በልጅነቱ ለመቀለድ መሰለው። ከሰዓት ቢሮው እንድትመጣ አዝዟት ወጣ።

ምሳ ሳይደርስ ካምፓሱ በሙሉ ነቢይ ሆነ። አንዱ መምህሩ ቂመኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ ሌላው በኤፍ እንደምትባረር ይተነብያል። ተባርራ ብትመለስ አጎቶቿ ምን ይዘው እንደሚጠብቋት ታውቃለችና ምሳዋን ሳትቀምስ ተነሣች። እኔ፣ እግሩ ላይ ወድቃ እንድታለቅስ መከርኋት። «ምን በድዬ?» አለችኝ። አጅቤያት ሄድሁ።

«ለምን አሾፍሽብኝ?» አላት ገና ስንገባ።

«ኧረ በማርያም! እርስዎ ይህን ያህል ደክመው ሳይገባኝ ገብቶኛል ብል አይደል እንዴ ማሾፍ?»

ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም! የመምህሩ ፊት ፈታ አለ። በዚሁ ቢያሰናብተን ምን ነበረበት? ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ገብቶሻል?» አለኝ። አንገቴ ሳያማክረኝ ነቀነቀ። «እንግዲያው አስረጂያት» ብሎ ማርከር ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር አሰመርሁ። ቀጥ ያለች፣ የምታምር መስመር ነበረች። ትምህርቱም እዚያው አበቃ።

መምህሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሁለታችንንም አስቀምጦ በአማርኛ ከሥሩ ጀመረልን፤ ሊሚት ማለት ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጉ፣ እየተጠጉ መሄድ ነው፣ መድረስ ግን ግድ አይደለም አለ። ዘውድነሽ ዓይኗ በራ። «እንደ አሸተን ማርያም መንገድ ነዋ! ደረስሁ ሲሉ ሌላ ዳገት!» አለች፤ ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ያለችውን ገዳም ማለቷ ነው። «አሸተንስ መጨረሻው ይደረሳል» አላት እየሳቀ።

በማግሥቱ ያልገባው ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚያስጠና ተናገረ። ለእኔና ለእሷ ብሎ ጠባብ ክፍል ይዞ ነበር። ቅዳሜ ስንደርስ መቀመጫ የለም! «የስ!» ያለው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ከሁሉ አብልጦ የሳቀባት ልጅማ የፊቱን ወንበር ይዟል።

ዘውድነሽ ዓመቱን ሙሉ ጠየቀች። ሁሌ ቀናት ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቃለች። እኔ ብሆን ወረቀቱን ቀብሬ ተዝካር አወጣለት ነበር። እሷ ግን «የት ላይ ነው የሳትሁት?» ልትል ወረቀቷን ይዛ ወደዚያው ቢሮ ገሠገሠች። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አለፈች፤ ሒሳቡን ከእኔ በልጣ። ስትደውል አባቷ መናገር አቅቷቸው ስልኩን ለእናቷ ሰጡ። የእናቷን እልልታ ዶርሙ ሁሉ ሰማው።

ከዚያ የትምህርት ክፍል ምርጫ መጣ። ዘውድነሽ ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ሒሳብ! ያን ሁሉ መከራ ያሳያትን! እንደ ታላቅ እህት ቁጣ ቁጣ እያለኝ፣ ምነው የሚገባትን ብትመርጥ ስል ገሠጽኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«የገባኝንማ ምን ብዬ እማረዋለሁ?» አለችኝ።

እኔ ምን እንደመረጥሁ ሳትጠይቀኝ ቶሎ ወሬ ቀየርሁ።