የባሕር ላይ ወረፋ

በእኛ አገር ሠርግ በስልክ ይነገራል፣ ልጅ መወለዱ በስልክ ይነገራል፣ የሽንኩርት መርከስ እንኳ በስልክ ይነገራል። ሞት ግን በስልክ አይነገርም። ሞት በእግሩ ነው የሚመጣው። ያውም በማለዳ፣ ሰው ሱብሒ ሰግዶ ገና ከመስገጃው ሳይነሳ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው በር ላይ ይቆማሉ። ሟቹ የሞተው ትናንት ይሁን ካቻምና ግድ የለም፤ አገር ምድሩ ሰምቶ ሲያበቃ ለሐዘኑ ባለቤት ብቻ ሳይነገር ይቆያል። ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ እየሳቀ ሲጫወት፣ ሰዉ ከኋላው ከንፈሩን ይመጥጣል። ይኼ ነውር አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ደግነት ነው የምንለው።

ታዲያ ይኼ ደግነታችን አንድ ጣጣ አለው። ሩቅ ያለ ሰው ደህና ነው ሲሏችሁ አታምኑም። እንዴት ይታመናል? ደህና ሲሆንም ደህና ነው ይላሉ፣ ሲሞትም ደህና ነው ይላሉ። ሰው ታሟል ቢሉኝ ነው እኔ የሚቀለኝ፤ ቢያንስ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ሰይድ የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ዓረብ አገር ሠርታ ልትለወጥ ብላ ሄዳ እዚያው ቀረች፤ እሱንና እህቱን ሀያትን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ሰይድ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ። መሐንዲስ ሲባል እኔ የታየኝ አገራችን ቆቦ መጥቶ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ወይ ድልድይ ሲያቆም ነበር። እሱ መርከብ ላይ ልሠራ ነው አለኝ። የውጭ አገር ሰዎች የጭነት መርከብ ውስጥ፣ እታች፣ ሞተሩ ዘንድ! እስቲ አስቡት፤ የቆቦ ልጅ ነው። ጎሊና ወንዝ ክረምት ሲሞላ ዳር ቆሞ ከመጮህ በቀር ከውሃ ጋር ምንም ጉዳይ ኖሮት አያውቅም። ዋና አይችልም። ዋና የማይችል ሰው ባሕር ላይ ምን ሊሠራ ነው ስለው፣ እማ፣ እኔ የምሠራው እኮ መርከቡ ውስጥ ነው እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም አለኝ። የተማረ ሰው መልስ አያጣም።

ያን የሚያህል ብረት እንዴት አይሰምጥም ብዬ ብጠይቀው ሊያስረዳኝ ሞከረ። አልገባኝም። እንዳልገባኝ ሲገባው ተወው። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። መርከብ ዝም ብሎ ዘሎ ወደብ አይገባም አለኝ። የዚያን ወደብ ውሃ የሚያውቅ ሰው በትንሽ ጀልባ ይመጣና፣ በገመድ መሰላል ወጥቶ፣ ካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ መንገድ እየመራ ያስገባዋል። ይኼ ደስ አለኝ። ሰው ቤት ሲገባስ እንደዚያው አይደል? የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ውሻ ይይዛል።

ሰይድ መርከብ ላይ ከወጣ ወዲህ ቆቦ ገበያ ስወጣ ዓይኔ ሌላ ሆነ። ዘይቱ በመርከብ የመጣ፣ ሩዙ በመርከብ የመጣ፣ ማዳበሪያው፣ ባጃጁ፣ እግሬ ላይ ያለው ጫማ ሳይቀር በመርከብ የመጣ። ማሽላችንና ፍየላችን ባይኖሩ ቆቦ ራሷ በመርከብ ተጭና መጣች እል ነበር። ባለሱቁ ዕቃው ዘገየ ብሎ መርከቡን ሲራገም፣ አንተ፣ አፍህን ሰብስብ፣ እዚያ ላይ የሰው ልጅ አለ እለዋለሁ።

ሀያት ስልኳ ላይ መርከብ የሚያሳይ ነገር አላት። ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቶ፣ የሰይድ መርከብ የስንዴ ቅንጣት አክላ ትታያለች። በየቀኑ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ እንዲያው ተጠጋግተን እናያታለን። ትሄዳለች። ትላንት ከነበረችበት ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። ሰው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ይውላል ወይ አትበሉኝ፤ ልጅ ያለበት ሰው ይውላል።

አንድ ቀን ቆመች።

ስልክሽ ነው የቆመ ወይስ መርከቡ አልኳት ሀያትን። መርከቡ ነው አለችኝ። በማግስቱ አየን፤ እዚያው ናት። ከዚያም በኋላ እዚያው ናት። ሰይድም ድምፁ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቴ ሰላም ካላለኝ የማይዘጋ ልጅ ነው። ራዲዮው በበኩሉ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ተተኮሰበት ይላል። የማን መርከብ እንደሆነ፣ ማን ማን ላዩ ላይ እንደነበረ ቢነግረን ምን ይጎድልበት ነበር? እሱን ትቶ ወደ ኳስ ያልፋል።

ሰይድን ያስቀጠረው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ ለውጭ መርከቦች ሠራተኛ የሚልክ። ሀያት ደወለች፤ እኔ ነኝ የማናግር ብዬ ቀማኋት። አንዲት ልጅ አነሳች። ድምፅዋ ማር ነው። እማማ፣ አይጨነቁ፣ ወደቡ ስለተጨናነቀ መርከቡ መልሕቁን ጥሎ ወረፋ እየጠበቀ ነው አለችኝ።

ወረፋ! እኔ ወረፋ አላውቅም? የማዳበሪያ ወረፋ፣ የዘይት ወረፋ፣ የቦኖ ውሃ ወረፋ አውቃለሁ። ወረፋ ላይ ጄሪካን ይደረደራል፣ ጄሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል፣ አንዷ እዚህ ነበርኩ ብላ ትገባለች፣ ጠብ ይነሳል። ባሕር ላይ ማን ነው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ የሚይዘው?

ይሁን፣ ወረፋውስ ይሁን። ያስፈራኝ የልጅቷ ደግነት ነው። እኔ እዚህ ቆቦ ቢሮ ስገባ፣ እትብቱን የቆረጥኩለት ልጅ እንኳ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነገ ይመለሱ ነው የሚለኝ። የአዲስ አበባ የቢሮ ሰው እንዲህ ተለሳልሳ እማማ የምትለኝ ምን ሆና ነው? በዚህ ላይ ደግሞ፣ እማማ፣ ቤት ውስጥ አብሮዎት ሰው አለ? አለችኝ። ያ ረብ! ይኼን ጥያቄ የማላውቀው መስሏት ነው? መርዶ ሊነገር ሲል የሚጠየቀው እኮ ይኼ ነው። ስልኩን ለሀያት ሰጥቼ ጓሮ ወጣሁና ፍየሎቹ መሀል ቆምኩ። ሀያት ተከትላ መጥታ፣ አብሽሪ እማ፣ ወረፋ ነው፣ ሰማሽ አይደል ትለኛለች። ከንፈሯ ግን ደርቋል። እሷም አላመነችም።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ብርቄ ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት፤ እሷ በማርያም ትላለች፣ እኔ ወላሂ እላለሁ፣ ዕድሜያችንን አብረን ጨረስን። ብርቄ ሳልጠይቃት እርጎ አመጣችልኝ። ብርቄን የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ላሟ ከወለደች ጀምሮ ዓይናችንን ስትፈራ የኖረች ሴት ናት። ገበያ ወረድኩ፤ ሽንኩርት ሻጩ መርቆ ጨመረልኝ። ምን ሰምቶ ነው? ሌላ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ጣል የሚያደርገኝ የባጃጅ ነጂ፣ ዛሬ እስከ በርዎ ላድርስዎት አለ። ምን ሰምቶ ነው? ያን ሰሞን አንድ ሰው ቢሰድበኝ አቅፌ በሳምኩት ነበር። ማንም አልሰደበኝም። በልቤ ልጄን ቀበርኩት፤ የቀረው ሽማግሌ መምጣቱ ብቻ ነው።

መጡ።

ሱብሒ ሰግጄ ዱአ ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ሀያት ቦኖ ወርዳለች። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ጋቢ። ፊት የቆመው አያ እንድሪስ ነው። አያ እንድሪስ አብሮ አደጌ ነው፤ ሰይድን ቁርአን ያስቀራው እሱ ነው፤ የእናቱን፣ የልጄን መርዶ ያመጣልኝም እሱ ነው። ያኔም በዚችው በር፣ በዚሁ ጋቢ።

ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አንቀመጥም፣ አስቀድመን የመጣንበትን እንናገር አሉ። አያ እንድሪስ ጉሮሮውን ጠራረገና ቢስሚላሂ ብሎ ሊጀምር ሲል አላስጨረስኩትም። ወይኔ ሰይዴ! ወይኔ የእናቱ ምትክ! ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ሦስቱም ተያዩ። ሲተያዩ አይቻለሁ፤ ማን ይናገር እየተባባሉ ነው ብዬ ነው የተረጎምኩት። ከዚያ የአያ እንድሪስ ዘንግ ከእጁ ወደቀ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሁለቱም ተከተሉት። እሱ ሲያለቅስ ሳይ በልቤ የቀረችው ጭላንጭል ጠፋች።

ጩኸቴን ሰምታ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች። ብርቄን ተከትሎ ሰፈሩ። ሀያት ከቦኖ ስትመለስ ቤቱ ሞልቶ አገኘች፤ ጄሪካኗ ከእጇ ወድቆ ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው፤ ማንም እንዲህ ሆነ ብሎ የነገራት ሰው የለም፣ እሷም አልጠየቀች። የለቅሶ ማኅበራችን፣ ቅሬው፣ ለስብሰባ ሲጠራ ፀሐይ አናት ላይ ትደርሳለች፤ ያን ዕለት ግን እኔ ሁለተኛ ትንፋሼን ሳልስብ ድንኳኑ ቆመ። ንፍሮው ተጣደ። ጮኾ ማልቀስ አይፈቀድም እያሉ የሚቆጡን ሼኻችን ራሳቸው አፍንጫቸውን ሲያብሱ አየኋቸው። ወንዶቹ አስከሬኑ ባሕር ላይ ለቀረ ሰው ሶላቱ እንዴት እንደሚሰገድ ይነጋገራሉ። አንዱ፣ የመርከብ ሰው እዚያው ባሕሩ ውስጥ ነው የሚቀበር ሲል ሰማሁና ነፍሴ ወጣች። ዋና አይችልም እኮ! ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ይኼን ተቀብለው፣ ዋና የማይችለው፣ ዋና የማይችለው እያሉ ደረት መቱ። በመሬት ወሰን ከሰይድ ጋር ለዓመታት ሲካሰስ የኖረው ጎረቤታችን ከሁሉ በላይ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይተካልን አለ።

ዋጃ ላሉት ዘመዶቻችን ይደወል ተባለ። ሞቷል ሊባል አይደለም መቼም፤ እማን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ድረሱ ሊባል ነው። የሀያት ስልክ መብራት ስለጠፋ ብርቄ ቤት ሶላሩ ላይ ተሰክቷል። ሀያት ልታመጣ ሄደች። ጥቂት ቆየችና፣ ሰይድ ነው! ሰይድ ነው! እያለች እየጮኸች መጣች። ሰዉ አስከሬኑ የመጣ መስሎት ከተቀመጠበት ተነሳ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። እማ፣ እማ፣ የምን ለቅሶ ነው? ይላል። የራሱ ድምፅ ነው። ሦስቴ ቢስሚላህ አልኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ አያ እንድሪስ ዞርኩና፣ አንተ፣ ምን ልትለኝ ነበር በማለዳ የመጣኸው? አልኩት።

አያ እንድሪስ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን አበሰ። እኛማ፣ ከድጃ፣ ሀያትን ለዚያ ጎብዬ ላለው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ልንለምንሽ ነበር የመጣነው አለ። ሰይዴ ብለሽ ስትወድቂ ጊዜ፣ ያልሰማነውን የሰማሽ መሰለን። ለሠርግ መጥተን ሞት ላይ ደረስን ብለን አለቀስን።

ታዲያ ተቀመጡ ስላችሁ ለምን አልተቀመጣችሁም? አልኩት። በጣም ተቆጣ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ? አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይቀመጥም። ሀያት ያን ጊዜ የት እንደገባች እኔም አላየሁ።

ስልኩ ውስጥ ሰይድ ይጮኻል። ዛሬ ገና ወደብ ገባን፣ የመርከቡ ኢንተርኔት ተበላሽቶብን ነው ያልደወልኩት፣ እማ፣ አትደብቂኝ፣ ማን ነው የሞተው? ይላል። ብርቄ በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች፤ ሁሉም ደህና ነው በይው ማለቷ ነው። ደህና ነው ብለው መቼ ሊያምነኝ? የቆቦ ልጅ አይደለም ወይ?

እውነቱን ነገርኩት። አንተ ነህ፣ የኔ ልጅ፣ አልኩት። አትደንግጥ፣ ንፍሮው ቀርቧል።

ከኋላው የመርከቡ ሞተር ሲያጓራ ይሰማኛል። ከፍቶት ይሆን፣ ደንግጦ ይሆን ብዬ ስፈራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማ፣ ለቅሶዬ ላይ ማን ማን ሳይመጣ ቀረ? አለኝ።