ሥልጡን ለቅሶ

«ሥልጣኔ» የሚለው ቃል ያስቸግረኛል። ከ«ሥልጣን» ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የግዕዙ «ሠልጠነ» ገዛ፣ አዘዘ ማለት እንደሆነ ቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ሠልጥኛለሁ» ሲላችሁ «በማን ላይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። «ሥልጠና»ም የዚሁ ቤት ታናሽ ልጅ ነው፤ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ ሻይ በብስኩት ጠጥቶ፣ አንድ የፕላስቲክ ቦርሳ ይዞ መመለስ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቃሉ ከዚህም ቀለል ይል ነበር። ሰላምታ ያሳጠረ ሠለጠነ፤ በሹካ የበላ ሠለጠነ፤ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ደግሞ ጭራሽ ሠለጠነ። አሮጊቶቹ ይህን እያዩ «ሠለጠነ ነው ሰየጠነ?» ይሉ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። በነፋስ ስልክ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ለዚህ ያበቃኝ የእጅ ጽሕፈቴ እንጂ እውቀቴ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ሰው ብዕር ይዞ ሲቆይ አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። ያን ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ልኮኝ ነበርና፣ ስመለስ ዓይኔ ያረፈበት ነገር ሁሉ የጊዜ ብክነት ሆነብኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ለቅሶ ነው።

ያኔ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከዚያ እማማ ደስታ ይመጣሉ። እማማ ደስታ ከስማቸው ጋር ተኳርፈው የኖሩ የሰፈራችን አልቃሽ ነበሩ። ሙያቸው ሰውን ማወቅ ነው። አናጢው ጎረቤታችን የሞተ ጊዜ በሰፈሩ የገጠማቸውን በሮች በየባለቤቱ ስም እየጠሩ ቆጠሩና እንዲህ አሉ፦

የሰው በር በሙሉ ገጥሞ የጨረሰ፣
የራሱን ሳይዘጋ ወዴት ገሰገሰ?

የእኔም በር የእሱ እጅ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከዋናው መንገድ ከታክሲ የወረደ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያለቅስ ነበር።

እኔ ግን ይህን ሁሉ «ኋላ ቀር» አልኩት። ሌሊቱን ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ በደህናው ቀን፣ ባለ አምስት አንቀጽ ደንብ አረቀቅሁ። ጡሩምባው ቀርቶ ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ ሙሾና ደረት መምታት ይከልከል፤ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይነሳ። በስብሰባው ላይ ሳነበው የእድሩ ዳኛ፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እማማ ደስታ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ዝም ከተባለ ታዲያ ድንኳኑ ለምንድነው?»

«ለመቀመጫ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ደንቡ በእጅ ብልጫ ጸደቀ።

ቤት ስገባ እህቴ እትዬ አሰለፈች ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር። ወላጆቻችን በልጅነቴ ሲሞቱ ወደ አዲስ አበባ ያመጣችኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስታጠነጥን ውላ ያስተማረችኝ፣ እኔን ብላ ትዳር ያልያዘች ታላቄ ናት። አልተቆጣችም። «ሰው ሲሞት ዝም የሚባለው፣» አለች ጫማዋን እያወለቀች፣ «የሚያውቀው ሲጠፋ ነው።» ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁለት ዓመት ያህል በጸጥታ ቀበርን። ከሌላ ሰፈር መጥተው ደንባችንን የገለበጡም ነበሩ። ኮራሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ እትዬ አሰለፈች ሳል ጀመራትና በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፈች። ማስታወቂያው ተለጠፈ፤ ዝናቡ ቀለሙን ስላጠበው ስሟ እስከ ቀትር አልቆየም። ቀብረን ስንመለስ ሰው ድንኳኑ ውስጥ በሥርዓት ተደርድሮ ተቀመጠ። ማንም ድምፁን አላሰማም። ከኋላዬ ያሉት ሁለት ሰዎች ለቡ ሰፈር የቤት መሬት ስለተመራ ዘመዳቸው በሹክሹክታ ያወራሉ። አንዱ ተነስቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። ሌላው ይተካል። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦብኛል፤ የሚያስነሳልኝ ሰው ፈለግሁ።

በሁለተኛው ቀን እማማ ደስታ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ይበሉላት።»

«ደንቡስ፣ ልጄ?»

«እኔ አይደለሁ የጻፍኩት? ይተዉት።»

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። «አሰለፈች…» አሉ። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ጠበቅን። እንደገና «አሰለፈች…» አሉና ቆሙ።

«አልመጣ አለኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ድሮ የአንዱ ሰው ሙሾ የሌላውን እየጎተተ ራሱ ይመጣ ነበር። ከተውኩት ወዲህ ሰዉንም መከታተል ተውኩ። እህትህ ምን እንደምትወድ እንኳ አላውቅም። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላልኩም፤ ሰው ያየን ነበር። በማግስቱ ድንኳኑ በሰዓቱ ተነሳ።

መስከረም ላይ እድሩ ሲሰበሰብ ደንቡ እንዲሻር ሐሳብ አቀረብኩ። ስለ እህቴ ጀመርኩና ሁለት ቃል ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት ባለሱቅ ተነስቶ፣ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ ኀዘን ላይ ስለሆኑ ነው እንጂ ወደኋላማ አንመለስም። ደንቡ ሥራም አያስፈታንም፤ ለምደነዋል» አለ። ሻምበሉ ወደ እማማ ደስታ ዞረው «እርስዎስ?» አሏቸው።

«እኔ አርጅቻለሁ» አሉ እማማ ደስታ። «ባይመልሱት ይሻለኛል።»

ድምፅ ተሰጠ። ሐሳቡን የደገፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ሻምበሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይመዝገብ» አሉ፣ የሚመዘግበው ሌላ ሰው ስላልነበረ ብዕሬን አነሳሁ። ቃለ ጉባኤው ዛሬም በእድሩ ሣጥን ውስጥ ይገኛል፦ «ከጸሐፊው የቀረበው ሐሳብ ኋላ ቀር ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል።» ጽሕፈቱ ያምራል። አንድም ስርዝ የለውም።