ሴቶቹ ምን አጥፍተው ነው?

አበባ ቤት ነው የምሠራው ስትሉ የሰው ፊት እንዴት እንደሚፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታክሲ እነዳለሁ ብትሉት «አይዞህ» ይላችኋል። ነርስ ነኝ ብትሉት ስለ ወገቡ ሕመም ይጀምርላችኋል። አበባ ያላችሁት እንደሆነ ግን ፈገግ ብሎ ዝም ነው። ሌላ ጥያቄ የለም። ለእኔ ደግሞ የሚበጀኝ ይኸው ሌላ ጥያቄ አለመኖሩ ነው።

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ፣ ሶዶ ከሚባለው የመጋዘን ሰፈር፣ መስኮት የሌለው ትልቅ ቤት አለን። እዚያ የምናበቅለውን ነገር ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ፍላወር» ነው የሚሉት። ፍላወር በአማርኛ ምንድን ነው? አበባ። የምን አበባ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከሌለ ታዲያ ምን ላድርግ? ሥራው ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፈልበታል። ለእናቴ ግን ሕጋዊ ሐሺሽ የሚባል ነገር አለ ብላችሁ ብትምሉላት አታምናችሁም። ለእሷ ሐሺሽ ሐሺሽ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ተዋበች አምና ነው የመጣችው። ቢከን ሂል ከሚባለው ሰፈር ከእኔና ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ትኖራለች። ልጄ አበባ ያበቅላል ብላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም። አንድ ጊዜማ ለማርያም በዓል ከምታበቅለው አምጣልኝ ብላኝ ነበር። ባመጣላት ኖሮ ቅዳሴው ምን ይመስል እንደነበር እናንተው ገምቱት። ሱፐርማርኬት ገብቼ ጽጌረዳ ገዛሁና የተለጠፈበትን ወረቀት መኪና ውስጥ ሆኜ ላጥኩት። ካህኑ ሳይቀሩ መረቁኝ። ልብስህ ምንድን ነው የሚሸተው ስትለኝ ደግሞ ማዳበሪያ ነው እላታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጥቂት ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ተክሉ የሚፈለገው ለሙጫው ነው። አበባው ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ፣ ጓንት ላይ ተጣብቆ አልለቅም የሚል ሙጫ አለው። ይህን ሙጫ የሚሰጡት ሴቶቹ ናቸው። ወንድ ከተገኘ ተነቅሎ ይጣላል። (ወንድ እንዲህ የተናቀበት መሥሪያ ቤት ከፈለጋችሁ የእኛው ነው።) ታዲያ ሊቆረጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው እናስጨንቃቸዋለን። ስትረስ ማድረግ ይባላል። ውሃ እንከለክላቸዋለን፣ መብራት እናጠፋባቸዋለን፣ ብርድ እንለቅባቸዋለን። ለምን? ተክሉ መሞቻው እንደደረሰ ሲያውቅ ራሱን ለመከላከል ያለ የሌለ ሙጫውን ያወጣል፤ የአለቃችን እምነት ይህ ነው። ይሠራል የሚሉ አሉ፣ ከንቱ ልፋት ነው የሚሉም አሉ። እኔ እንጃ። የታዘዝኩትን ነው የማደርገው።

ሌላም ነገር አለ። ከእነሱ ጋር ስንውል ተክልነታቸውን እንረሳዋለን። ይቺ ጠምቷታል፣ ያቺ አኩርፋለች፣ የጥግዋ ዛሬ ደህና ናት እንባባላለን። ጣጣውን ያመጣብኝም ይኸው ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ተረኛው ቢኒ ነበር፤ ቢኒ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ጠውልገዋል፣ ትንሽ ላጠጣቸው ወይ ይለኛል። እናቴ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። እንዲህ አልኩት፦

«ኖ፣ ሦስት ቁጥር ክፍል ያሉትን ውሃ እንዳትሰጣቸው። ላይቱንም ኦፍ አድርግባቸው። አትዘንላቸው ቢኒ፣ ሲጨነቁ ነው የሚያወጡት። ሶ፣ ብርዱን ልቀቅባቸው። ሁሉም ሴቶች ናቸው አይደል? ወንድ ካየህ ወዲያው አስወግደው። ኦኬ፣ ሐሙስ እንቆርጣቸዋለን።»

አንድም ጊዜ ተክል የሚል ቃል አልወጣኝም። ማን ይላል? ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆሟል። ጠጠር ያገኘች መስሎኝ ፍሪጁን ከፈትኩና ብርቱካን አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። እኔ የገዛሁትን ምግብ አትቀምስም፤ ጠግቤያለሁ ነው መልሷ። አጠገቧ ስቀመጥ ፊቴን ሳይሆን እጆቼን ታያለች። ሰኞ ማታ ደግሞ ቲኬት ቁረጥልኝ፣ አገሬ እገባለሁ አለች። አገሯ ማን አላት? ቤቷን ዘግታ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ የመጣች ሴት ናት። ብትታመም ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። ሰብለን ምን አድርገሻት ነው ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ላይ የሚጮህ ሲጠፋ እኔ ሚስቴ ላይ ጮህኩ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ከሥራ ስገባ ሰብለ በር ላይ ያዘችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም። እናቴ ጎትታ ወደ ጓዳ እንደወሰደቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ጥያቄ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ።

«ባልሽ የሚያስራቸው ሴቶች ምን አጥፍተው ነው?»

ሳቅኩ። ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። ሰብለ እንዳልሳቀች ሳይ ነው ያቆምኩት።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ካልኩ እናቴ ገራፊ ልጅ ወልጃለሁ ብላ ልትሄድ ነው። እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ ሐሺሽ አብቃይ ልጅ ወልጃለሁ ብላ ልትሄድ ነው። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? እኔ ቆሜ ስመዝን እሷ ቀድማ ጠራችኝ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ታስሮ እንደነበር አውቃለሁ። እዚያ ምን እንዳደረጉት ግን ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። መብራት አጥፍቶ አይተኛም ነበር። ራስጌው ደግሞ ሁልጊዜ በጆግ ሙሉ ውሃ አለ። እኛ ልጆቹ ዓመል ነው ብለን እንስቅበት ነበር። እናቴ የዚያን ቀን ነው የነገረችኝ። ጨለማ ውስጥ ዘግተውበት፣ ውሃ ከልክለውት፣ በብርድ አሳድረውት፣ አውጣ ይሉት እንደነበር። ሲጨንቀው ያወጣል እየተባባሉ በሩ ላይ ሲያወሩም ይሰማቸው ነበር። ምን ያውጣ? ምንም አልነበረውም። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

«ስልክ ላይ ስትናገር የእነሱን ቃል ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ከልጄ አፍ።»

ያን ጊዜ ምን ልመዝን? ሁሉንም ነገርኳት። ወህኒ ቤት እንዳልሆነ፣ ሴቶቹ ተክሎች እንደሆኑ፣ ተክሉም ሐሺሽ እንደሆነ። ፎቶ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አቅርባ አርቃ አየችው። ቅጠል ነው ወይ አለችኝ፣ ቅጠል ነው አልኳት። ሰው የለበትም ወይ አለችኝ፣ የለበትም አልኳት። ቀና ብላ አማተበችና ተመስገን አለች። ልጇ ሐሺሽ ስለሚያበቅል ፈጣሪዋን ያመሰገነች እናት አይቼ አላውቅም። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘችው።

ውሃ የከለከልካቸውስ እውነት ነው ወይ አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ሂድና አጠጣቸው አለችኝ። ስለ ሙጫው አስረዳኋት፣ ስለ አለቃዬ አስረዳኋት፣ ተክል ጭንቀት እንደማያውቅ አስረዳኋት። እጄን ሳትለቅ ሰማችኝ። በመጨረሻ ትንሽ ምርር ብሎኝ ነው መሰለኝ፦

«እማዬ፣ ሐሙስ ለሚቆረጥ ነገር ውሃ ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«አባትህ ውሃ ሲለምናቸው እንዲሁ ነበር የሚሉት» አለችኝ።

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ ሐሺሽ ሊያጠጣ ሲጣደፍ፣ እናቱ ደጅ ድረስ ወጥታ «እግዜር ይከተልህ» ብላ የሸኘችው ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።