አልኮል ከየት መጣ

የዘንድሮ የቤት ሥራ የልጆች ነው ያለው ማነው? ልጅ ይተኛል፣ እናት ትጨነቃለች። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ፊደል እየቆጠርኩ የማነብ ሴት ነኝ፤ የቤት ሥራ ሲባል የሚያውቅ ሰው ፍለጋ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሀያት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ መጣች። ከየት ቋንቋ እንደመጣ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ኑ ተብለዋል። ቃሉን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ክፍላቸው በር ላይ ካለው የእጅ ማፅጃ ጠርሙስ አንብባ፤ አልኮል። በሙስሊም ቤት። አባቷ ከዚያ ሁሉ ቃል ይሄን አየሽ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ወደ ላምበረት ሄደ። ሹፌር መቼም መሄጃ አያጣም።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ሕፃን ወንድሟን አዝዬ እዚሁ ካራ ሰፈራችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ዘንድ ሮጥኩ፤ ዐረብኛ ተምረዋል። ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳቸው። ምን ያንሾካሹክሻል ልጄ፣ የዐረብኛ ቃል እኮ ነው አሉና ሳቁብኝ። አል ኩሕል፣ የዓይን ኩል ማለት ነው። ፈረንጆች ወደ ላቲን ወሰዱት። እዚያ መጀመሪያ የላመ ዱቄት ሁሉ፣ ቀጥሎ ተጣርቶ የወጣ ነገር ሁሉ፣ በመጨረሻ መጠጡ በዚህ ስም ተጠራ፤ እንግሊዝኛም ተቀበለው። ጨዋ ሆኖ የሄደ ቃል ሰካራም ሆኖ ተመለሰ በሉት።

ደስ ብሎኝ ለሀያት ስነግራት ሕፃኑ አለቀሰ፤ መሃሉን ዘለልኩት። ያን ያህል ዘመን የተጓዘ ቃል ልጅ ሳያለቅስ ተነግሮ ያልቃል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስተማሪዋ ደወለች። ሕፃኑን ይዘው ይምጡ አለችኝ። ለካ ሀያት ክፍሉ ፊት ቆማ፣ አልኮልና ኩል አንድ ናቸው፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት ወንድሜን አልኮል ዓይኑ ላይ ታደርግለታለች ብላ አስረድታለች።

ልጄን ሊቀሙኝ ነው ብዬ ሕፃኑን ጥብቅ አድርጌ አቅፌ ገባሁ። አስተማሪዋ የሕፃኑን የተኳለ ዓይን አየች፣ እኔን አየች። የቃሉን መንገድ ከዐረብ እስከ እንግሊዝ አንድም ሳልዘል ነገርኳት። ሕፃኑ ይሄኔ ጭጭ አለ፣ ምቀኛ። እሷም ስልኳን ከፍታ አጣራችና ልክ ነዎት አለች፤ ለሀያትም ከአስር አስር ሰጠቻት።

ልወጣ ስል ግን ቀስ ብላ፣ ኩሉንም ቢተዉት ጥሩ ነው፣ ሐኪሞች ለሕፃን ዓይን አይመክሩትም አለችኝ። ቃሉ ነፃ ወጣ፣ ኩሉ ተፈረደበት። ኩሉን ደግሞ በእጃቸው ፈጭተው የሚያመጡልን አማቴ ናቸው፤ ዓርብ ይመጣሉ። አሁን ለእሳቸው በየትኛው ቋንቋ ልንገራቸው?