የፍም ዋጋ

ስሌት ልብን ያደርቃል ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ስሌት ሰው ከገመድ ሲያድን አይቻለሁ።

በጣልያን ጊዜ ደምበጫ አጠገብ የሚኖር ቢሻው የሚባል አጎት ነበረኝ። ለእሱ ዓለም ሁሉ ገበያ ነው፤ ለቅሶ እንኳ የሚደርሰው ለራሱ ቀብር አልቃሽ ለማጠራቀም ነበር። ትስቃላችሁ? እናንተስ ለምን ትደርሳላችሁ?

አንድ ቀን ጣልያን የተደበቀ አርበኛ ለጠቆመ አንድ የአህያ ጭነት ጨው እንደሚሰጥ አስነገረ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ የቆሰለ አርበኛ ልጃቸውን ከጎተራው ኋላ ደብቀዋል፤ እኛ እናውቃለን። አጎቴ እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ተቀመጠ።

«ጨዉ ለስንት ጊዜ ይበቃናል?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

«ዓመት ይበቃል። ነፍስህስ፣ አንተ ሰው?»

«ነፍስን ተያት፤ ዋጋዋ አይታወቅም። ክብሪት ከጠፋ ወዲህ እሳት የምንጭረው ከማን ቤት ነው?»

«ከእትዬ ጥሩነሽ ነዋ!»

«እሳቸው ከተሰቀሉስ?»

«ጠቋሚ ከሆንክ ማን ጎረቤት በር ይከፍትልሃል? እኔም አልከፍትልህ!»

አጎቴ በጣቶቹ ደመረ፣ ቀነሰ። በመጨረሻም እሳት ከሌለ ጥሬ ሽሮና ጥሬ ምስር ላይ ጨው መነስነስ አያዋጣም ብሎ ፈረደ። ወታደሮቹ መጥተው በአስተርጓሚ ሲጠይቁት ፊቱ ሳይለወጥ «የጥሩነሽ ልጅ? ሞቷል እኮ፤ ተስካሩን በልቻለሁ» አላቸው። ልጁ ተረፈ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ሰዎች ጀግና ሲሉት «ያዳንኩት ፍሜን ነው!» እያለ ይቆጣ ነበር።

እናንተ ስለ ጉርብትና ፍቅር የምትሰብኩ፣ ስብከቱን ተዉትና ዛሬውኑ ጎረቤታችሁ ቤት ሄዳችሁ አንድ ነገር ተዋሱ።